የእማዬ ድምፅ የበሰለበት ዓመት

እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም የተፋች ቀን እማማ ሃማዮ ቀይ ሩዝ ሠሩልን።

ቀይ ሩዝ እኛ ጋ ዝም ብሎ አይሠራም። ትንንሽ ቀይ አደንጓሬ ይገባበትና ሩዙ ራሱ ሮዝ ይሆናል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲያገባ፣ ምናምን፣ ለደስታ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቤቱ አደንጓሬ አደንጓሬ ይሸታል፣ እማዬ አንገቷ ላይ ፎጣ ጠምጥማ ተቀምጣለች፣ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደግሞ በደንብ ያልታጠበ ቀላ ያለ ነገር አለ። የአደንጓሬው ውሃ መስሎኝ ነበር።

«ማን ሊያገባ ነው?» አልኩ።

«እናትሽ» አሉ እማማ ሃማዮ ሩዙን እያማሰሉ። «ድምፅ አገባች።»

«አባዬስ?»

«አባትሽማ ጊታሩን ካገባ ስንት ዘመኑ።»

እማዬ ልትስቅ ስትል አሳላትና ፎጣውን አፏ ላይ ያዘችው። ፎጣውን ስታወርደው አየችው፣ ከዛ ለእማማ ሃማዮ አሳየቻቸው። እሳቸው ደግሞ እኔ መቶ ከመቶ ያገኘሁበትን ፈተና የሚያዩ ነበር የሚመስሉት።

እማዬ ሮኪዮኩ ነበር የምትዘፍነው። ማለቴ ዘፈን ብቻ አይደለም፣ ታሪክ ነው። ግማሹን ታወራዋለች፣ ግማሹን ታዜመዋለች፣ አንዱ ታሪክ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እሷ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ትቆማለች። ሻሚሴኑን፣ ባለ ሦስት ክሩን ማለቴ ነው፣ የሚመታው ሰው ደግሞ ጎን ላይ መከለያ ኋላ ይቀመጣል፣ ተመልካች አያየውም። እዛ ተደብቀው የሚመቱት እማማ ሃማዮ ነበሩ። እማዬን ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እማዬ «መምህር» ነበር የምትላቸው።

እና በዚህ ሙያ ቆንጆ ድምፅ ስድብ ነው። የሚፈለገው የተሰነጠቀ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ከሆድ ተጎትቶ የሚወጣ ድምፅ ነው። እንደዛ ሆኖ የሚወለድ ስለሌለ ሆን ብለው ይሰብሩታል። እማዬ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ዮዶ ወንዝ ዳር ትቆምና ድልድዩ ላይ ባቡር ሲያልፍ ከባቡሩ በላይ ትጮሃለች። ጉሮሮ ይደማል፣ ይድናል፣ ደግሞ ይደማል፣ በመጨረሻ ድምፁ ይበስላል። የድሮዎቹ ሁሉ እንደዛ ነው የሚያወሩት። የእማዬ ግን እምቢ አለ። ስንት ዓመት ጮሃ ድምፅዋ እንደ ብርጭቆ ጥርት እንዳለ ነበር።

«የሱፐርማርኬት ድምፅ» ይሏታል እማማ ሃማዮ። «እስቲ 'ውድ ደንበኞቻችን፣ ዛሬ የዓሣ ዋጋ ቀንሷል' በይ።»

እማዬም ትልላቸዋለች፣ ቁርጥ የሱፐርማርኬት። እኔ በሳቅ እሞታለሁ። እሷ ግን ከሳቀች በኋላ ዝም ትል ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

ስለዚህ ያን ቀን ሦስታችንም ቀይ ሩዝ በላን፣ እኔ ሁለቴ አስጨመርኩ።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ጨርሼ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ እና ያኔ ያየሁት ደም የብስለት እንዳልነበረ አውቃለሁ። እማዬ ጉሮሮ ውስጥ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ዕጢ ነበር። አባዬ በኋላ እንደነገረኝ ያኔ ገና ትንሽ ነበር። ያን ሳምንት ሐኪም ቤት ብትሄድ በጨረር ያጠፉላት ነበር ይላል፣ ምናልባት ድምፅዋም ይተርፍ ነበር። ሌላ ቤት ሰው ደም ሲተፋ ሐኪም ቤት ይወስዱታል። እኛ ቤት ሩዝ ተቀቀለ።

አባዬ ባንድ ነበረው። ባንድ ስላችሁ የምታውቁት ዓይነት ሮክ አይደለም። አባዬ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት ይፍቀዋል። ጎንዳ የሚባለው ጓደኛው ቀን ቀን ግንባታ ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ከበሮውን ትቶ የዘይት በርሜል ይደበድባል። ምድር ቤት ውስጥ ባለች ጠባብ የሙዚቃ ቤት ይጫወታሉ፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አባዬ እማዬን አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ስትዘፍን ሰማትና (ከተመልካቹ ግማሹ ሽማግሌ፣ ግማሹ እንቅልፍ ላይ) እሷን ካገባ በኋላም አንድ ነገር ብቻ ሲለምናት ኖረ፤ ታሪኩን በኛ ጫጫታ ላይ ተርኪው።

በመጨረሻ እሺ አለች። እማማ ሃማዮ መጀመሪያ ልምምድ የመጡ ቀን ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጭ ብለው ብዙ ሰሙ። ከዛ አባዬን «አንተ ጎረምሳ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሉት።

«እየተጫወትን እኮ ነው እማማ።»

«ነው እንዴ? እኔ ጎረቤት መንገድ እየቆፈሩ መስሎኝ እስኪጨርሱ እየጠበቅኩ ነበር።»

ጎንዳ «ቀን እሱን ነው የምሠራው፣ ማታ ይለቀኛል ብለው ነው?» አላቸው። እሱን እንኳን ወደዱት።

የሚሠሩት አንድ ታሪክ ነበር፣ የበሬ ጋሪ ነጂው ታሪክ። ሰውዬው ቁማርተኛ ነው፣ ወጣት እያለ የእናቱን ቤት ሸጦ ጠፍቷል። ካረጀ በኋላ ሲመለስ እናቱ ዓይነ ስውር ሆና ያገኛታል። ልጅሽ ነኝ ለማለት ያፍርና መንገደኛ ነኝ ብሎ እግሯን ያሻል። አሮጊቷ ዝም ብላ ትታሻለች፣ ከዛ «ይሄን እጅ አውቀዋለሁ» ትላለች። እማዬ ሁለቱንም ትሆናለች። ጎንዳ የጋሪውን ጎማ በበርሜል ያንኳኳል፣ አባዬ ንፋሱን በጊታር ያመጣዋል፣ እማማ ሃማዮ መሀል ላይ በክር ይገባሉ። እና ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ግን ይሠራል።

እኔ ቦታዬ መከለያው ኋላ ነበር፣ እማማ ሃማዮ ጎን። ጎንዳ ከሥራ ቦታ ያመጣልኝን የጆሮ መከላከያ አድርጌ ከእማዬ የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው።

«ጣቴን ምን ታያለሽ» አሉኝ አንድ ቀን። «ትከሻዋን እይ። ሲወጣ ትንፋሽ እየገባ ነው፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሲወርድ እመታለሁ። የዚህ ሙያ የዜማ ወረቀቱ ትከሻ ነው፣ ሌላ የሚነበብ የለም።»

ከቀይ ሩዙ በኋላ የእማዬ ድምፅ በየሳምንቱ ነበር የሚለወጠው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሻከር አለ። ሚያዝያ ላይ፣ የቼሪ አበባ ሲረግፍ፣ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይሄዳል። ዓይነ ስውሯን ስትሆን የፊት ረድፍ ላይ ያሉት፣ ከንፈራቸውን የተበሱት፣ ፀጉራቸውን አረንጓዴ የቀቡት፣ ያለቅሱ ነበር። ምድር ቤቱ ጠበበና ሌላ ቦታ ተጠሩ። እነዚያ አረንጓዴዎች የሽማግሌዎቹን ልማድ ሳይቀር ተማሩ፣ እማዬ ገና ብቅ ስትል «ስንጠብቅሽ ነበር» ይሏታል። ሽማግሌዎቹም መምጣት ጀመሩ፣ ጆሯቸውን በእርጥብ ፎጣ ደፍነው። እኔ በቃ እናቴ ዝነኛ ልትሆን ነው ብዬ ክፍል ውስጥ ማውራት አላቆምም።

የሰኔው ዝናብ ገባ። በዝናብ የሻሚሴን ቆዳ ይላላል፣ እማማ ሃማዮ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫሉ። እማዬ ደግሞ ተቀምጣ መተኛት ጀመረች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትራስ አቅፋ። እኔ ልምምድ ነው ብዬ ነበር። ወንዝ ዳር መጮህ ያለበት ሙያ ቁጭ ብሎ መተኛትም ይኖርበታል፣ ምን አለበት? እኔም እንደሷ ተደግፌ ልተኛ ሞክሬ አንገቴ ተጣመመ።

በዚያ ሰሞን እማማ ሃማዮን ጠላኋቸው። የእማዬን ቦታ መቀማት ጀመሩ። እሷ ረጅሙን ዜማ ይዛ እየሄደች ገና ሳትጨርስ በክር ይገቡባታል፣ «ዮይ» ብለው ይጣሩባታል፣ የእሷ የነበረውን ጅራቱን እሳቸው ይመቱታል። አባዬም ጊታሩን ዝቅ አደረገ። ፈራቸው አልኩ በሆዴ። አሮጊቷ ቀናች፣ አባዬ ፈራ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ ዕቃ ስናስገባ «እማማ፣ ለምን የእማዬን ይቀሟታል?» አልኳቸው።

ክሩን እያላሉ ነበር። «ስለሚጎድል ነው» አሉኝ።

«ምኑ ነው የሚጎድለው?»

«ወሬ ታበዣለሽ። ያንን ጨርቅ አምጪ።»

የሚጎድለው ትንፋሽ ነበር። እማዬ ዜማውን ጫፍ ድረስ የምትወስድበት አየር አጥታ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ትከሻዋን እያዩ የሚያልቅበትን ቦታ ቀድመው አውቀው ይሸፍኑላታል። አባዬ ዝቅ ያደረገው ከጊታሩ በላይ መውጣት ስላቃታት ነው። ከመከለያው ፊት ያለው ሰው ምንም አላወቀም። ከኋላ ያለነው ሁለት ነበርን፣ አንዳችን ስምንት ዓመታችን ነው።

ሐምሌ ላይ አባዬ በግድ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሲመለሱ እማማ ሃማዮ ቤት እየጠበቁ ነበር። እኔ ማራገቢያው ሥር በሆዴ ተኝቼ የእረፍት የቤት ሥራዬን የምሠራ መስያለሁ። ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ተቀዳ፣ ማንም አልጠጣውም።

«ሐኪሙ ነሐሴን ጠብቂ አላለም» አለ አባዬ። «ቶሎ ነው ያለው። በዚህ ሳምንት ነው ያለው፣ ሚሳኦ።»

«ካወጡት በኋላ ነሐሴ የለኝም።»

«ልጅ አለሽ።»

«ልጅ እንዳለኝ አንተ ነህ የምትነግረኝ?» ድምፅዋ ያኔ ካርቶን ሲቀደድ ነው የሚመስለው። «የነሐሴውን ልሥራ። ትልቁ አዳራሽ ነው፣ ይቀረጻል። አንድ ቀን። ከዛ የፈለጉትን ያውጡ።»

«የኔ መምህር ደም ተፍተው ሠላሳ ዓመት ዘፍነዋል» አሉ እማማ ሃማዮ። ግን እንደ ወትሮው አላሉትም፣ ቶሎ ቶሎ ነው ያሉት፣ ጠረጴዛውን እያዩ።

«እማማ፣ እባክዎ ዛሬ እሱን አያምጡት። አንገቷ ላይ ቀዳዳ ሊከፍቱ ነው፣ በዛ ነው የምትተነፍሰው። የሚያወሩት ስለሱ ነው።»

እዚህ ጋ ጆሮዬ ቆመ። ትምህርት ቤት ዋሽንት ጀምረን ነበር። ዋሽንት ላይ አንድ ቀዳዳ ሲጨመር አንድ ድምፅ ይጨመራል፣ ይሄን ደብተሬ ላይ ሥዕሉን ሥዬዋለሁ። በቃ ገባኝ። እማዬ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ልታወጣ ነው፣ አሮጊቷንም ሰውዬውንም እኩል።

«እማዬ፣ ቀዳዳው ያማል?» አልኩ ከወለሉ።

ሦስቱም ዞሩ።

«ትንሽ ያማል» አለች እማዬ።

«ከዛ በኋላ ይበልጥ ትዘፍኛለሽ?»

አባዬ ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ሲጋራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ዝም ብሎ ቆሞ የሰው ልብስ ማስጫ ያያል። እማዬ ጠራችኝና ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር ወደ ኋላ አደረገችልኝ።

«ከዛ በኋላማ ዝም ብዬ አንቺን ነው የምሰማው» አለችኝ። «አንቺ መቼ አፍሽ ይዘጋል።»

በማግስቱ መዋኛ ላይ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ተናገርኩ። የእናቴን አንገት ሊበሱት ነው፣ እንደ ዋሽንት። አንዷ አለቀሰች። ቀንታ ነው አልኩ።

የነሐሴው ዝግጅት ከሰዓት ላይ ነበር። ውጪ ሲካዳው፣ በሙቀት ጊዜ የሚጮኸው ነፍሳት፣ ዛፉ ላይ ጩኸቱን ለቆታል፣ አዳራሹ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ሽማግሌና አረንጓዴ ፀጉር ተቀላቅሎ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ አድናቂዎቿ ያሠሩላት አዲስ ጨርቅ አለ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ስሟ በነጭ የተጠለፈበት። እማዬ ስትወጣ ከየአቅጣጫው «ስንጠብቅሽ ነበር» ተባለ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ቀና ስትል ዘገየች።

ጀመሩ። ጋሪው መጣ፣ ንፋሱ መጣ። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቆሞ ለመግባት ያፍራል። ገባ። የእናቱን እግር ያዘ። አሁን ረጅሙ ዜማ ይመጣል፣ ከዛ አሮጊቷ ትናገራለች። እኔ ትከሻዋን እያየሁ ነው። ወጣ። አልወረደም። ካለበት ደግሞ ወጣ፣ ጆሮውን እንደተያዘ ጥንቸል፣ ወደ ላይ ብቻ።

እማማ ሃማዮ መምቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ሻሚሴኑን ከጭናቸው አውርደው ጎናቸው አጋደሙትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እማማ» አልኩ፣ «ተራዎት ነው።»

መምቻውን አላነሱም።

«እማማ፣ እየጠበቀች ነው።»

ሻሚሴን ከሌለ ዘፋኙ የሚቆምበት መሬት የለውም። ይሄ በሙያው ተሰምቶ አያውቅም፣ መሀል ላይ ክር አይጣልም፣ ቢያምህም አይጣልም። እማዬ ፊቷን ወደ መከለያው መለስ አደረገች፣ ያንንም አድርጋ አታውቅም። አባዬ አያትና እጁን ከጊታሩ አነሳ። ጎንዳም አየው፣ በርሜሉን በመዳፉ ይዞ ዝም አሰኘው። ሁሉም ቆመ። ሲካዳ ብቻ ቀረ።

በቃ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ መውጣት ነበረባት። በሩን ከፍተውላት ነበር፣ አሁን ሳስበው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነው የከፈቱላት። ያኔ ግን እኔ ያየሁት ሦስት ከሃዲ ነው።

እማዬ ወደ ሰው ዞረች። ያለ ክር፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ምንም፣ ቀጠለች። ዜማ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ አየር በጠባብ ነገር ውስጥ ሲፋቅ ነው። ቃል በቃል እየጎተተች አወጣችው። «ይሄን… እጅ… አውቀዋለሁ።» አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳን አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዛ ሰዉ እንዴት እንዳጨበጨበ አልነግራችሁም፣ ወለሉ ሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ዘልዬ ተነስቼ አጨበጨብኩ፣ እማማ ሃማዮ ፊት ላይ ሆን ብዬ።

ተቀርጿል። አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ፣ የማናውቀው አገር ሰው ሁሉ ሥሩ ይጽፋል፣ ይሄን ድምፅ እንዴት አገኘችው ይላሉ። እኔ አሮጊቷ ጋ ሳይደርስ ነው የምዘጋው።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛች። ድምፅዋን አወጡት። ግን ዕጢውን ሐምሌ ላይ የነበረበት ቦታ አልነበረም ያገኙት፣ ወደ አንገቷ ጎን ሄዶ ነበር፣ ታኅሣሥ ሳያልቅ ሞተች።

ከመሞቷ በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ እማማ ሃማዮ ሊጠይቋት መጡ። ከዝግጅቱ በኋላ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሻሚሴኑን አልያዙም፣ ፒር የሚባለውን ፍሬ ልጠው በሳህን ይዘዋል፣ እማዬ መዋጥ እንደማትችል ማንም አልነገራቸውም። አባዬ ወንበር ሰጣቸውና ኮሪደር ወጣ። እማዬ የምታወራው በኔ መጫወቻ ሰሌዳ ነበር፣ ተጽፎበት የሚጠፋው ዓይነት። እማማ ሃማዮ ዓይናቸው ደክሟል፣ አያነቡትም። ስለዚህ እማዬ ሕፃን የሚማረውን ቀላሉን ፊደል ትጽፋለች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ደስ ብሎኛል እኮ። ማንበብ እወድ ነበር።

«'ለምን አቆሙ?' ትላለች።»

«እንድታቆሚ» አሉ እማማ ሃማዮ።

እማዬ አጠፋችው፣ ጻፈች።

«'ከዛ በፊትስ?' ትላለች።»

«ከዛ በፊት ምን?»

«'ትከሻዬን ያያሉ። ከዛ በፊት ለምን አላቆሙም?'»

እማማ ሃማዮ ሳህኑን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ጠርዝ ላይ አደረጉት፣ ደግሞ አነሱት። አንገቷ ላይ ያለው ቀዳዳ ሲተነፍስ ይሰማል፣ ሁለተኛው ድምፅ መቼ እንደሚመጣ እየጠበቅኩ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ምን ላርግሽ። ጥሩ ነበር። ሃምሳ ዓመት ስመታ እንደዛ ያለ አልሰማሁም። ዛሬ አቆማለሁ ብዬ እመጣለሁ፣ አንቺ ከትናንቱ ትበልጫለሽ። አንድ ቀን ልስማ እላለሁ። ደግሞ አንድ ቀን።»

እማዬ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ትክ ብላ አየቻቸው። ከዛ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ነገር መጣ፣ ፈገግታ ነው፣ ከታመመች እንደዛ ስትሆን አላየሁም። ሰሌዳውን ነጠቀችኝና በፍጥነት ጻፈች፣ ፊደሉ ሁሉ ተንጋዷል።

«'ከመቼ ጀምሮ?' ትላለች። 'ጥሩ የሆንኩት ከመቼ ጀምሮ ነው?'»

እማማ ሃማዮ አሰቡ። እንደ ቀልድ አይደለም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በደንብ አሰቡ።

«ከሰኔው ዝናብ» አሉ። «ከዛ በፊት ገና ነበርሽ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ነው፣ እሷም እንደዛ ነበር የመሰላት። ሰሌዳውን ደረቷ ላይ አጋድማ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ሃማዮ እጇን ያዙ።

ሮጬ ኮሪደር ወጣሁ። አባዬ መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ታረቁ» አልኩት።

«እንዴት? ምን አሏት?»

አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ጥያቄውንም መልሱንም። አንድም ቃል አልዘለልኩም፣ አንድም ፊደል ተሳስቼ አላነበብኩም ነበርና ኮርቻለሁ። ሰኔ ላይ ስደርስ አባዬ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ ነርሶቹ በሚያልፉበት፣ መሀል መንገድ ላይ። ደስ ብሎት ነው ብዬ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።